የእረኞች ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ

አመሻሽ ላይ በአምበርና በደብረ ማርቆስ መካከል የሚጓዝ ሰው ከብቶቻቸውን ወደ በረት የሚመልሱ እረኞችን ሳያይ አያልፍም። በክረምት ገሳቸውን ደርበው በዝምታ ከመንጋው ኋላ ይከተላሉ። ይህን የመሰለውን ትዕይንት ለትልቅ ሸራ የሚበቃ ጉዳይ አድርጎ ዕድሜውን የሰጠ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ዣን ፍራንሷ ሚሌ እ.ኤ.አ. በ1814 በኖርማንዲ፣ ግሩሺ በተባለች የባሕር ዳርቻ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እስከ ወጣትነቱ ድረስ ከአባቱ ጋር በእርሻ ሥራ ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1837 ከሼርቡር ከተማ ባገኘው ድጎማ ፓሪስ ገብቶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ ከኢትዮጵያ ተልከው የተማሩት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው።

በዚያን ዘመን ከፍተኛ ክብር ይሰጠው የነበረው ለነገሥታት፣ ለጦርነትና ለጥንት አፈ ታሪክ ሥዕል ነበር። ሚሌ ግን እ.ኤ.አ. በ1849 ባርቢዞን ወደተባለች መንደር ተዛውሮ ዘሪውን፣ አጫጁንና እረኛውን መሣል ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1857 ቃርሚያ የሚለቅሙ ሦስት ድሃ ሴቶችን ባሳየ ጊዜ፣ የ1848ቱን አብዮት ያልረሱ ተቺዎች ሥዕሉን እንደ ፖለቲካ ዛቻ ቆጠሩት።

ሚዛኑን ያዘነበለለት የእረኛዋ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 በፓሪስ የሥዕል ዐውደ ርእይ በቀረበው በዚህ ሥራ አንዲት ልጃገረድ የሱፍ ካባ ደርባ፣ ቀይ ቆብ ደፍታ፣ ዓይኗን ወደ ሹራብ ሥራዋ ጥላ ቆማለች። መንጋን እየጠበቁ እጅን ሥራ አለማስፈታት ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከኋላዋ በጎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ፤ ውሻው ይጠብቃል፤ ሜዳው እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። የልብሱና የሣሩ ዝርዝር በእውነተኛ ገጽታው የተሣለ ቢሆንም፣ ተመልካቹን የሚይዘው የማታው ብርሃንና የልጅቱ ብቸኝነት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሚሌ እውነታዊነት ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ እረኝነትን በአካል የማያውቅ ሠዓሊ ልብሱን በትክክል ሊሥል ይችል ይሆናል፤ የቀኑን ርዝመት ግን ማሳየት ይከብደዋል። ሥዕሉ ሜዳልያ አስገኘለት፤ መንግሥትም ሊገዛው ፈልጎ ነበር፤ ሆኖም አስቀድሞ ለሌላ ገዢ ተሰጥቷል።

ሚሌ እ.ኤ.አ. በጥር 1875 በባርቢዞን አረፈ። በሕይወት ሳለ በዝቅተኛ ዋጋ የሸጠው፣ ባልና ሚስት ገበሬዎች በእርሻ መካከል ቆመው የሚጸልዩበት ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1889 በጨረታ 553,000 ፍራንክ አወጣ። ከዚህ ገንዘብ ለቤተሰቡ የደረሰ አልነበረም። ጉዳዩ በፈረንሳይ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ሥዕል በጨረታ እንደገና ሲሸጥ ሠዓሊው ወይም ወራሾቹ ድርሻ እንዲያገኙ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ቃራሚዎቹ፣ እረኛዋና ጸሎተኞቹ ዛሬ ሦስቱም በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛሉ።