ፍርድ ሳያገኙ የተገደሉት ጠቅላይ ሚኒስትር

በኪርያት ጋት የሚኖሩ ወላጆቻችን የንጉሡን ዘመን አንስተው ሲጫወቱ ከሚጠሯቸው ሰዎች አንዱ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ገሚሱ ለአገር የደከሙ ሰው ናቸው ሲል፣ ገሚሱ የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ዝም ያሉ ናቸው ይላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ክርክሩ ያላለቀው ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ቀርቦ ስላልተወሰነ ነው። ታሪካቸውን ባጭሩ እነሆ፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ በ1912 ከካህን ቤተሰብ ተወለዱ። በእስክንድርያ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ተምረው፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ እዚያው ፈረንሳይ ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገልግለዋል። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ሲመሠረት ሳን ፍራንሲስኮ ከነበሩት ልዑካን አንዱ ሲሆኑ፣ ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድም ለዓመታት ተከራክረዋል። በ1960ው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታላቅ ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ። እርሳቸው በ1961 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 1974 ቆዩ። እኛን ቤተ እስራኤልን በቅርብ የሚነካው ደግሞ፣ በጥቅምት 1973 ከእስራኤል ጋር የነበረው ግንኙነት የተቋረጠው በእርሳቸው ዘመን መሆኑ ነው።

በ1972 እና በ1973 በወሎና በትግራይ ረሃብ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ አለቀ። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን ዓለም እውነቱን አየ። በየካቲት 1974 የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ በሚያዝያም አክሊሉና ሌሎች ባለሥልጣናት ታሰሩ። ጥፋታቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። አክሊሉም እስር ቤት ሆነው የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ጻፉ፤ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል።

በመስከረም 1974 ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። አሁን ግን በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ገብቶበት ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ ተቀጥለው ሲታዩ ግን ተመልካቹ ማስረጃ ሳይጠይቅ በልቡ ፈረደ።

መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 23 ቀን 1974 ቅዳሜ ማታ፣ ደርግ አክሊሉን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን አስገደለ። በማግስቱ ሬዲዮ ጉዳዩን ፖለቲካዊ ውሳኔ ብሎ አወጀ። ክስ አልተነበበም፣ ዳኛ አልተቀመጠም፣ የመከላከያ ምስክር አልተሰማም። የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው በ1994 ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ይህ ግድያ ከክሱ አንዱ ነበር፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በሌሉበት በ2006 ጥፋተኛ ተባሉ። የገዳዮቹ ጉዳይ ፍርድ ቤት ታየ፤ የአክሊሉ ግን ለዘላለሙ ሳይታይ ቀረ። በረሃቡ ጥፋት ካለባቸው የወሎ ሰው መልሱን አላገኘም፤ ከሌለባቸውም ቤተሰባቸው ስማቸውን የሚያጠራ ፍርድ አላገኘም።

በሶሻል ሥራዬ የምገናኛቸው ብዙ ቤተሰቦች የዕብራይስጡን ዜና የሚሰሙት በልጆቻቸው አስተርጓሚነት ነው። ስለዚህ ሦስት ቃላት እንለይ፦ ሐሹድ የተጠረጠረ፣ ነእሻም የተከሰሰ፣ ሙርሻዕ ጥፋተኛ መሆኑ በፍርድ ቤት የተወሰነበት ነው። ስለ አንድ ሚኒስትርም ሆነ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ወሬ ሲመጣ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ልጆቻችንን እንጠይቅ። ቪዲዮም ሲላክልን ማን እንደቀጠለው ሳናውቅ ለሌላ አናስተላልፍ።

ሰላም ሁኑ።