ነርሰስ ናልባንዲያን፤ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የተላለፈ ሙያ

በጳጉሜን ወር 1916 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆችን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ወደ ርእሰ ከተማው ከደረሰ ገና ሰባት ዓመት ያህል ነበር። ከአዋሽ ተነሥቶ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በናዝሬትና በሞጆ በኩል ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ የዛሬው ተጓዥ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቹ የቱርክ መንግሥት በ1907 ዓ.ም. በአርመናውያን ላይ ካወረደው እልቂት የተረፉ፣ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም የተጠለሉ ነበሩ። በገዳሙም የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሰምተው ከፓትርያርኩ አስፈቅደው አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ፣ የአይንታብ ተወላጅ የሆኑ የሙዚቃ መምህር ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን የኬቮርክ የወንድማቸው ልጅ ነርሰስ ናቸው። ይሁንና የሙዚቃን ሙያ ያለ መምህሩ መተረክ አይቻልም። በሕንድ አገር አንድ ዘፋኝ ራሱን ሲያስተዋውቅ በመጀመሪያ የሚጠራው የመምህሩንና የመምህሩን መምህር ስም ነው። ጋራና የሚባለው የሙያ ቤት ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ይተላለፋል። በእኛም ቤት የዜማ ሊቅ ቤተልሔም፣ ቆማ ወይም አጫብር ተብሎ በተማረበት ወገን ይለያል። የናልባንዲያን ቤት ከእነዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥሩ በሌላ አገር ተነቅሎ በኢትዮጵያ ተተከለ።

ነርሰስ በ1907 ዓ.ም. በዚያው በአይንታብ ተወለዱ። የተወለዱበት ዓመት ራሱ የስደቱ ዓመት ነው። ቤተሰባቸው ወደ ሶርያ ሸሽቶ በሐለብ ሲቀመጥ እሳቸውም ያደጉትና የሙዚቃን ትምህርት የቀሰሙት በዚያ ነው። አጎታቸው በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ ስም አትርፈው ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለት፣ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ የተሰማውና እስከ ንጉሣዊው ዘመን ፍጻሜ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የቆየው ዜማ የኬቮርክ ድርሰት ነው። የአርባ ልጆች ቡድን ውሉ ሲያልቅ ተበተነ፤ ኬቮርክ ግን ቀርተው አርባ ዓመት ግድም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አገለገሉ።

ነርሰስ አጎታቸውን ተከትለው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገሪቱ በጠላት እጅ ሳለች ነው። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል፣ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራና በትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ለረጅም ጊዜ ዜግነት የሌላቸው ሰው ሆነው ኖሩ፤ ኢትዮጵያዊ የሆኑት በኋላ ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት የኦርኬስትራው መሪ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥለው ኃላፊነቱን የያዙት ነርሰስ ናቸው። የሕይወታቸው ዋና ሥራም የተሠራው በዚሁ ቤት ነው።

ይህ ሥራ ምን እንደ ነበረ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ነርሰስ የአገር ዘፈን በዘመናዊ መሣሪያ አስጫወቱ ተብሎ ብቻ ነውና። መሣሪያ መለወጥ ቀላል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሥ የነሐስ መሣሪያዎች ከላኩ ጀምሮ በአዲስ አበባ ጥሩንባ ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ያለው በቅኝቱ ውስጥ ነው። ትዝታን በዶ እንጀምረው ብንል፣ ያሉን ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ ፋና ሲ የሉም። የአውሮፓ አጃቢ ሙዚቃ በዋናነት የሚያርፈው ግን በሦስት የድምፅ ቁልሎች ላይ ነው። አንደኛው ዶ፣ ሚ፣ ሶል ስለሆነ ከትዝታ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሦስተኛው ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው፤ ሁለቱም በትዝታ የሌለ ድምፅ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ቀያሹ ሦስት ምሰሶ የሚፈልግ ቤት ተሰጥቶት በእጁ ያለው አንድ ምሰሶ ብቻ ነው እንደ ማለት ነው። የጎደለውን ከውጭ ቢያመጣ ቤቱ ይቆማል፤ ትዝታ ግን ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ምንም ሳይጨምር ቢተወው ሃያ ሰው አንድ ዜማ በአንድነት ይነፋል፤ ይህም ማሲንቆ ብቻውን የሚሠራውን በብዙ ወጪ መድገም ይሆናል። በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ደግሞ ጥያቄው በየመልኩ እንደ ገና ይነሣል።

ነርሰስ ከሁለቱ በአንዱም አልወደቁም። ዜማውን በቅኝቱ ጠብቀው በዙሪያው ሌሎች ድምፆች እየተቀባበሉ እንዲሄዱ አድርገው ጻፉ። መጻፋቸውም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሳክስፎንና ትራምፔት የተለያየ መነሻ ድምፅ ስላላቸው በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የተጻፈ ኖታ ሁለቱ ሲነፉት አንድ አይሆንም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ስሌት ተዛውሮ መጻፍ አለበት። ለአንድ ዘፈን የሚዘጋጀው ወረቀት ከአንድ የሕንጻ ንድፍ የማይተናነስ ነው፤ አንዲት የተሳሳተች ነጥብም ልምምዱን ሁሉ ታስቆማለች። አዝማሪ ግን ሙያውን የሚቀበለው በጆሮ ነበር። ያን በጆሮ የተወረሰ ሀብት ወደ ወረቀት ማሻገር፣ ማንበብ የሚችሉ ተጫዋቾችንም ማፍራት በአንድ ጊዜ የሚከናወኑ ሁለት ሥራዎች ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት በሬዲዮ ከአዲስ አበባ እስከ መቂ፣ ዝዋይና አዳሚ ቱሉ ይሰማ የነበረውን የኦርኬስትራ ዘፈን ሕዝቡ የሚያውቀው በዘፋኙ ስም ነው። የአቀናባሪው ስም ግን በዘፋኙ ጥላ ውስጥ ቀረ። እንደዚህ ያለ ዕጣ የንድፍ ሠራተኛም አይጠፋውም፤ ድልድዩ የሚጠራው በወንዙ ስም ነው።

ከእሳቸው ጎን የሠሩት የውጭ አገር መምህራን ጥቂት አልነበሩም። ስዊሳዊው አንድሬ ኒኮድና ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚታወሱ ናቸው። እነዚህ ግን በጊዜያቸው መጥተው ሄደዋል። ነርሰስ የሚመለሱበት አገር አልነበራቸውም፤ አይንታብ ለአርመናዊ የሚገባበት ከተማ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ምናልባት ቅኝቱን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ዋና ነገር የያዙት ስለዚህ ይሆናል።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የአጎታቸው መዝሙር በአዋጅ ተሻረ፤ በ1967 ዓ.ም. ሌላ ተተካ። ናልባንዲያን የሚለው ስም በየትምህርት ቤቱ ግቢ በየጠዋቱ የሚሰማበት ዜማ በዚህ ቆመ። ነርሰስ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በአዲስ አበባ አረፉ።

የእጅ ጽሑፎቻቸው ግን አልጠፉም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሜሪካ የቦስተን አካባቢው ኢዘር ኦርኬስትራ ከኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ጋር ሆኖ ከወረቀቱ እያነበበ ተጫወታቸው፤ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ስብስብም በስማቸው በዲስክ ወጡ።