ኤድዋርድ ኤልመር ስሚዝ

ኤድዋርድ ኤልመር ስሚዝ (ሜይ 2 ቀን 1890 – ኦገስት 31 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የምግብ ኬሚስትሪ ባለሙያና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። በከዋክብት መካከል የሚደረግ ጉዞን፣ ጦርነትንና ጀግንነትን ለሚተርከው የስፔስ ኦፔራ ዘርፍ መሠረት ከጣሉት ደራስያን አንዱ ሲሆን፣ ብዙዎች የዘርፉ አባት ይሉታል። በዶክትሬት ዲግሪው ምክንያት አንባቢዎቹ «ዶክ» ይሉት ነበር።

የሕይወት ታሪክ

ስሚዝ በዊስኮንሲን ግዛት በሼቦይገን ከተማ ተወልዶ በዋሽንግተንና በአይዳሆ ግዛቶች አደገ። በወጣትነቱ በጉልበት ሥራ ይተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ከአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምህንድስና ተመረቀ፤ በ1918 ደግሞ ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። ከዚያም በሚሺጋን ግዛት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ተቀጥሮ የዶናት ዱቄት ቅመማ ላይ ሠራ። አብዛኛውን ዘመኑን መተዳደሪያው ይኸው ሙያ ነበር።

ሥራዎች

የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «ዘ ስካይላርክ ኦፍ ስፔስ»ን እ.ኤ.አ. በ1915 ጀመረ። የፍቅር ታሪኩን ክፍል ለመጻፍ ስለከበደው፣ የጓደኛው ሚስት ሊ ሆኪንስ ጋርቢ አግዛዋለች። መጽሐፉ በ1920 ቢያልቅም አሳታሚዎች ደጋግመው መለሱት። በመጨረሻ በ1928 «አሜዚንግ ስቶሪስ» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ወጣ። የታሪኩ ጀግና እንደ ደራሲው ኬሚስት ሲሆን፣ ከመዳብ ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣ ዘዴ አግኝቶ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ይጓዛል። በዚያን ዘመን የነበሩ አብዛኞቹ የጠፈር ታሪኮች ከጨረቃና ከጎረቤት ፈለኮች አያልፉም ነበር።

ሁለተኛው ታዋቂ ሥራው የ«ሌንስመን» ተከታታይ ነው። በውስጡ የሰው ልጅና ከሌሎች ዓለማት የመጡ ፍጡራን በአንድ የጥበቃ ኃይል ተሰልፈው የጋላክሲውን ሰላም ያስከብራሉ።

ትችትና ተጽዕኖ

«ስፔስ ኦፔራ» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1941 በዊልሰን ተከር ሲወጣ የተሰለቹ የጠፈር ታሪኮችን ለመንቀፍ ነበር፤ ኋላ ግን የዘርፉ መደበኛ መጠሪያ ሆነ። ተቺዎች የስሚዝ ገጸ ባሕርያት ጥልቀት እንደሚጎድላቸው ይናገራሉ። ይሁን እንጂ በ1962 ከቀደምት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱ የሆነውን «ስፔስዋር»ን የሠሩት ወጣቶች ሐሳቡን ያገኙት ከስሚዝ መጻሕፍት ነው። ስሚዝ ካረፈ በኋላ በ1966 «ሌንስመን» የዘመናት ምርጥ ተከታታይ ሥራ ለተባለው የሁጎ ሽልማት ታጭቶ፣ በአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» ተሸንፏል።