በእንጨት ጥላ ምድርን የለካው ሰው

በዚህ እትም የምንተርክላችሁ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ሊቅ ነው። ስሙ ኤራቶስቴንስ ይባላል። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። አንዱ ቤት ግማሽ ጆንያ ዱቄት አለ፤ ሌላው ቤት ሩብ ጆንያ አለ። የትኛው ይበልጣል? አብዛኞቻችሁ ሳታመነቱ ግማሹ ትላላችሁ። የመጀመሪያው ጆንያ 20 ኪሎ የሚይዝ፣ ሁለተኛው 50 ኪሎ የሚይዝ ቢሆንስ? ግማሹ 10 ኪሎ፣ ሩቡ 12 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ክፍልፋይ ሲገጥማችሁ ላዕሉንና ታሕቱን ከማየታችሁ በፊት የምን ክፍል እንደሆነ ጠይቁ። ኤራቶስቴንስ ምድርን የለካው ይህን አንድ ጥያቄ ባለመሳቱ ነው።

የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ፣ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ በምትገኘው በቀሬና ከተማ ነው። የከተማዋ ፍርስራሽ ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ይታያል። ወንጌልን የምታነቡ ስሟን ታውቁታላችሁ፤ መስቀሉን የተሸከመው ስምዖን የቀሬና ሰው ነበር። ከተማዋን የቆረቆሯት ከባሕር ማዶ የመጡ ግሪኮች ስለነበሩ ኤራቶስቴንስም ያደገው ግሪክኛ እየተናገረ ነው። ወጣት ሳለ ለትምህርት ወደ አቴና ሄዶ ከፈላስፎች ዘንድ ተማረ፤ ግጥምም ጻፈ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆን የግብፅ ንጉሥ ሣልሳዊ ፕቶለሚ ወደ እስክንድርያ አስጠራው። እስክንድርያ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት ይላኩልን የነበረባት ከተማ ናት፤ የምንተርከው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረውን ነው።

በእስክንድርያ በዚያ ዘመን ተወዳዳሪ ያልነበረው የመጻሕፍት ቤት ነበር። መጻሕፍቱ እንደ ዛሬው የተጠረዙ ሳይሆኑ ከደንገል በተሠራ ወረቀት ላይ ተጽፈው የተጠቀለሉ ነበሩ። ኤራቶስቴንስ የዚህ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ የንጉሡንም ልጅ አስተማረ። ሒሳብ ያውቃል፣ ኮከብ ይቆጥራል፣ ታሪክ ይመረምራል፣ ግጥም ይገጥማል። የሚቀኑበት ሰዎች ግን ቤታ የሚል ቅጽል አወጡለት። ቤታ የግሪክ ፊደል ሁለተኛዋ ናት፤ በእኛ ፊደል ለ እንደማለት ነው። በሁሉም ሙያ ሁለተኛ ነው፣ በአንዱም አንደኛ አይደለም ማለታቸው ነበር። እኛ ግን የቅጽሉ ባለቤቶች ነገሩን የሳቱት ይመስለናል። ምድርን ለመለካት ሒሳብ ብቻ ወይም ጂኦግራፊ ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ብዙ ነገር አንብቦ አንዱን ከሌላው ማገናኘት ያስፈልጋል።

ስለ አገራችን ወንዞችም ጽፏል። ከግብፅ በላይ ያለውን የአባይን ጉዞ ሲገልጽ፣ በመርዌ አገር አካባቢ ከምሥራቅ የሚመጡ ወንዞች እንደሚገቡበት አመልክቷል። አንዱን አስታቦራስ ይለዋል፤ እሱም ተከዜ የሚገባበት የዛሬው አትባራ ነው። አስታፑስ ያለውን ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች የእኛው ዓባይ ነው ይላሉ። ግብፅን በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው ውኃ የሚመጣው በላይኛው አገር ከሚዘንበው ዝናብ እንደሆነም ተረድቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንምጣ። ምድር ድቡልቡል መሆኗን የዚያ ዘመን የተማሩ ግሪኮች ያውቁ ነበር፤ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው የምድር ጥላ ምንጊዜም ክብ ነውና። ያልታወቀው መጠኗ ነበር። ገመድ ይዞ ዙሪያዋን ሊዞር የሚችል ማን አለ? ባሕሩ አለ፣ በረሃው አለ፤ ከሕንድ በስተምሥራቅ ምን እንዳለ እንኳ እነሱ አያውቁም ነበር።

ከእስክንድርያ ተነስተው አባይን ወደ ላይ ሲከተሉ ሴዌኔ የምትባል ከተማ ነበረች፤ የዛሬዋ አስዋን ናት። በዚያች ከተማ፣ የዓመቱ ቀን እጅግ በሚረዝምበት በሰኔ አጋማሽ፣ ልክ ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይጥልም፤ የጥልቅ ጉድጓድም ታች ድረስ ብርሃን ይገባበታል ይባል ነበር። በዚያው ቀን በቀትር እስክንድርያ ላይ ግን የቆመ ነገር ሁሉ አጭር ጥላ አለው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ነበር። ኤራቶስቴንስ ልዩነቱ ምን ሊነግረው እንደሚችል ጠየቀ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከጭቃ ኳስ የሚያክል ድቡልቡል ነገር ሥሩና ሁለት የክብሪት እንጨት አራርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሰኩበት። አንደኛው እንጨት ወደ ፀሐይ እንዲያመለክትና ጥላው እንዲጠፋ አድርጋችሁ ጭቃውን ያዙት። የሁለተኛው እንጨት ጥላ ይታያችኋል፤ ጭቃው ጎባጣ ስለሆነ ሁለቱ እንጨቶች ወደ አንድ አቅጣጫ አያመለክቱም። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ ለሁለቱም የሚደርሰው ጎን ለጎን፣ ትይዩ ሆኖ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው እንጨትና በጨረሩ መካከል ያለው ማዕዘን፣ ሁለቱ እንጨቶች ወደ ውስጥ ረዝመው በኳሱ መካከል ቢገናኙ ከሚሠሩት ማዕዘን ጋር እኩል ነው። ኤራቶስቴንስ ከምድር ወለል ሳይነሳ የምድርን እምብርት ማዕዘን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ቀን እስክንድርያ ላይ 1 ሜትር እንጨት ቢተከል ጥላው 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። የጥላው ንጥጥር ለእንጨቱ 1፡8 ነው ማለት ነው። ከእስክንድርያ እስከ ሴዌኔ ያለው ርቀት በዚያ ዘመን መለኪያ 5,000 ስታዲዮን ይባል ነበር። ችኩል ተማሪ ወዲያው 5,000ን በ8 ያባዛና የምድር ዙሪያ 40,000 ስታዲዮን ነው ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ስህተት ነው! አንድ ስምንተኛው የእንጨቱ እንጂ የክቡ አይደለም። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ጋር እኩል የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቁ። ያን ጊዜ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ነው፤ የክብ አንድ ስምንተኛ የሚሆነው እሱ ነው። የጥላው ንጥጥር ግን 1፡1 ሆኗል።

ኤራቶስቴንስ ከዚህ ወጥመድ ያመለጠው በሚገባ መረጣ ነው። የተጠቀመበት መሣሪያ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ፣ የድቡልቡል ነገር ግማሽ ቅርጽ ያለውና መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ የቆመበት እንደነበር ተጽፏል። የዘንጉ ጥላ የሚያርፈው በሳህኑ ጎባጣ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ጥላው የያዘው ቅስት ራሱ የክብ ክፍልፋይ ነው። ለካው፤ የሙሉው ክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድም የምድር ዙሪያ አንድ ሃምሳኛ ነው። 5,000ን በ50 ማባዛት ብቻ ቀረው፤ 250,000 ስታዲዮን።

በክፍል ውስጥ በምትማሩት ወደር ስንጽፈው 1 ለ50 ሲሆን 5,000 ለስንት ይሆናል ማለት ነው። በዲግሪ ከፈለጋችሁ 7.2 ለ360 ብላችሁ ጀምሩ፤ በመስቀለኛ ስታባዙ 360 ጊዜ 5,000 በ7.2 ሲካፈል ያው 250,000 ይመጣል። በዚያ ጊዜ ግሪኮች ክብን በ360 ዲግሪ መክፈል ገና አልለመዱም፤ ዲግሪ ባይኖርም ክፍልፋዩ በቂ ነበር።

በኋላ ቁጥሩን 252,000 አደረገው። ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ለማካፈል እንዲመች ነው፤ 252,000 በ60 ሲካፈል ያለ ቀሪ 4,200 ይሆናል። ይህ ማስተካከያ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? አንድ ስታዲዮን ስንት ሜትር እንደነበረ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። 157 ሜትር ተኩል ነው የሚሉትን ከተከተልን 252,000 ስታዲዮን 39,690 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 185 ሜትር ነው የሚሉትን ከተከተልን ግን ከ46,600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዛሬ በዋልታዎቹ በኩል የተለካው የምድር ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደግሞም አስዋን ከእስክንድርያ በቀጥታ ወደ ደቡብ አይደለችም፤ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። ፀሐይ ልክ አናት ላይ የምትሆንበትም መስመር ከከተማዋ ትንሽ ወደ ደቡብ ነው። 5,000ውም ቢሆን የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ስህተቶቹ ከፊሉ አንዱ ሌላውን አጣፍቷል። አንድ ሃምሳኛው ግን ጥሩ ልክ ነበር፤ የዛሬው ካርታ በሁለቱ ከተሞች መካከል በሰሜንና በደቡብ ያለው ልዩነት 7.1 ዲግሪ ያህል መሆኑን ያሳያል።

ወደር በሌላም ሥራው ውስጥ ይገኛል። አንድ የቆየ ትረካ አለ፤ ዴሎስ በምትባል ደሴት ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡ ቢጨነቅ፣ ኩብ የሆነውን መሠዊያ እጥፍ አድርጉት ተባሉ። እነሱም ጎኑን እጥፍ አደረጉት። ምን ሆነ? 10 ሳንቲ ሜትር ጎን ያለው የቆርቆሮ ሳጥን 1 ሊትር ውኃ ይይዛል። ጎኑን 20 ሳንቲ ሜትር ብታደርጉት 2 ሊትር ሳይሆን 8 ሊትር ይይዛል። መሠዊያውም ስምንት እጥፍ ሆነ። ልክ እጥፍ የሚያደርገውን ጎን ለማግኘት በ1 እና በ2 መካከል ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአራተኛው ያለው ንጥጥር አንድ መሆን አለበት። በ1 እና በ8 መካከል ቢሆን ቀላል ነው፤ 2 እና 4 ናቸው። በ1 እና በ2 መካከል ግን የመጀመሪያው ወደ 1.26 ይጠጋል፤ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ በትክክል ሊሣል አይችልም። ኤራቶስቴንስ ተንሸራታች ሰሌዳዎች ያሉት መሣሪያ ሠርቶ ችግሩን ፈታ፤ አምሳያውንም ከነሐስ አሠርቶ ለንጉሡ ክብር አቆመው።

ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉትን ቁጥሮች የምንለይበት ወንፊትም በእሱ ስም ይጠራል፤ እሱን ለሌላ እትም እናቆየዋለን።

ታላቁ አርኪሜደስ ጓደኛው ነበር። ሒሳቡን የሚያገኝበትን ዘዴ ገልጾ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለኤራቶስቴንስ ላከለት። ቤታ ብለው ለሚቀልዱበት ጥሩ መልስ ነው። የዚያ መጽሐፍ ቅጂ በኋላ ዘመን ከብራና ላይ ተፍቆ በላዩ የጸሎት መጽሐፍ ተጻፈበት፤ ከሥሩ የደበዘዘውን ጽሑፍ አንድ የዴንማርክ ምሁር ለይቶ ያወቀው በ1906 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ኤራቶስቴንስ ራሱ ስለ ምድር ልክ የጻፈው መጽሐፍ ግን ጠፍቷል። የነገርናችሁን የምናውቀው ከእሱ በኋላ የኖሩ ጸሐፍት በአጭሩ ስለዘገቡት ነው።

በእርጅናው ዓይኑ ታወረ። ዕድሜውን ሙሉ በመጻሕፍት መካከል ለኖረ ሰው ይህ እንዴት እንደከበደው አስቡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ194 ዓመት ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት ሲሆነው እስክንድርያ ውስጥ አረፈ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ካኩማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 3.7 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ አንደኛው በመጋቢት 21 ገደማ፣ ሁለተኛው እንቁጣጣሽ ባለፈ በሁለት ቀን፣ በመስከረም 3 ገደማ። በዚያ ቀን 1 ሜትር እንጨት ትከሉ። ቀጥ ማለቱን ድንጋይ በታሰረበት ክር አረጋግጡ። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ጥላው ሊጠፋ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ጠብቁ። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቀትር ይሆናል፤ የዚያው እንጨት ጥላ እዚያ 9.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንጨቱንና ጥላውን በወረቀት ላይ በአምስት እጥፍ አሳንሳችሁ ሣሉና ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለኩ። አዲስ አበባ ከካኩማ ወደ ሰሜን ብቻ ሲለካ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ማዕዘኑ ከ360 ዲግሪ ስንተኛው እጅ እንደሆነ አውጡና የምድር ዙሪያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደመጣላችሁ ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ለሒሳብ መምህራችሁ ስጡ።