የዐፄ ምኒልክ የሕመም ዘመን

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በተነሡ ቊጥር ሁሉም የሚያወሳው ዐድዋን፥ የምድር ባቡሩን ሐዲድና የአዲስ አበባን መቆርቆር ነው። እኛ ግን በዛሬው እሑድ ልናነሣው የወደድነው፥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ የሚኼደውን፥ ይኸውም ከ1898 እስከ 1906 ዓ.ም. ያለውን የሕመማቸውን ዘመን ነው። ሐሳብ በሰው አካል ላይ ምን ያኽል ሥልጣን እንዳለው፥ ሥልጣኑም የት ላይ እንደሚያበቃ መመርመር ለሚፈልግ ወጣት ከአገራችን ታሪክ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም።

ዐፄ ምኒልክ በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ብላቴና ነበሩና በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። እዚያም እስከ 1857 ዓ.ም. ከቈዩ በኋላ አንድ ሌሊት ከአምባው ወርደው አመለጡ፤ የወሎዋ እመቤት ወርቂትም መንገድ ስለ ሰጧቸው ሸዋ ገቡ። ከልጅነት እስከ ጕልምስና ያለውን ዕድሜ በሰው እጅ ያሳለፈ ሰው ፍርሃትን በሆዱ ይዞ ፊቱን ማብራት ይማራል። የኋላ ዘመናቸውን ትዕግሥት ያየ ሁሉ ትምህርቱ ከየት እንደ ተገኘ ለመገመት አይቸግረውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሥራ ወዳድ ነበሩ። ሳይነጋ ተነሥተው፥ ጸሎታቸውን አድርሰው፥ ጉዳይ መስማት ይጀምራሉ። የሕክምናም ነገር አጥብቆ ይስባቸው ነበር። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ቍስለኞችን ለመርዳት የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ሆስፒታል ሲያቋቁሙ ደግፈዋል፤ በስማቸው የሚጠራውም ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ተመሠረተ። ፈረንጆች አንዳንድ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያማቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጠል እየቀደዱ ይበሉ ነበር የሚል ተረት ያወራሉ። ለዚህ ወሬ ለማመን የሚያበቃ ማስረጃ ስላልቀረበ እኛም በዚሁ እናልፈዋለን።

በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ልዑል ራስ መኰንን ቍልቢ ላይ ዐረፉ። ራስ መኰንን የዐፄ ምኒልክ የአክስት ልጅ ብቻ አልነበሩም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ መንግሥት ያደጉ፥ በአምባላጌና በመቀሌ የተዋጉ፥ ወደ ሮማና ወደ ለንደን የተላኩ፥ ብዙዎችም ዙፋኑን ይወርሳሉ ብለው የሚጠብቋቸው ሰው ነበሩ። ወንድ ልጅ ላልቀረላቸው ንጉሥ ይህ ሐዘን የልጅም፥ የወዳጅም፥ የመንግሥት ተስፋም ሐዘን ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ ጤና መታወክ ጀመረ። ሐዘን ብቻውን የአንጎልን ደም ሥር ይዘጋል ወይም ይበጥሳል አንልም፤ ዕድሜያቸውም ከስድሳ አልፎ ነበር። ነገር ግን የዛሬው የሕክምና ትምህርት ሐዘንና ፍርሃት ከሐሳብ ወደ ሥጋ የሚወርዱበትን መንገድ አጥርቶ ያሳያል። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ አድሬናሊንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይፈሳሉ፤ ልብ ይፈጥናል፥ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፥ የደም ግፊት ከፍ ይላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 የጃፓን ሐኪሞች፥ ከብርቱ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ልብ ለጊዜው ቅርጹን ለውጦ የሚደክምበትን ሕመም መዝግበው፥ ኦክቶፐስ በሚጠመድበት ማሰሮ ስም ጠርተውታል፤ የታማሚው ልብ መልኩ ያን ማሰሮ ይመስላልና። ልቤ ተሰበረ የሚለው የሕዝባችን አነጋገር እንግዲህ ከንቱ ቃል አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ገና በእግራቸው ሳሉ በውጭ አገር ሞታቸው ይታሰብ ጀመር። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተስማምተው፥ ኢትዮጵያ ብትናወጥ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚጠብቁ በውል ጻፉ። ለአንድ ሕመምተኛ በቁሙ ርስቱን ሲከፋፈሉ ከመስማት የከበደ ምን አለ? እሳቸው ግን አልተኙም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋንና የወሎውን ራስ ሚካኤልን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በእኛ አስተያየት ከሥራቸው ሁሉ ይህ የሕመም ዘመን ሥራ ከዐድዋ ቀጥሎ ሊቈጠር ይገባዋል።

ፈውስ ፍለጋውም በሁለት መንገድ ነበር። በአንድ በኩል ደብረ ሊባኖስና ጠበሉ አለ፤ በሌላው በኩል ሐኪሞች አሉ። ከጓድሉፕ ደሴት የተወለዱት ዶክተር ቪታልየን ለብዙ ጊዜ ሐኪማቸው ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም አክመዋቸዋል፤ እኒህ ሰው በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ በሕፃንነታቸው ወስደው ያሳደጓቸው ናቸውና፥ ከመቅደላ ያመለጠው ልዑልና ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን በሕመምተኛና በሐኪም መልክ ተገናኙ ማለት ነው። ከጀርመን አገር የመጡት ዶክተር ሽታይንኩለር ግን ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ይሰጣቸዋል ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬው ቤተ መንግሥቱን አናወጠ፤ ሐኪሙም ብዙ ሳይቈዩ ከአገር ወጡ። የመርዙ ወሬ ግን ከእሳቸው ጋራ አልወጣም።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። የታመመ ሰው የሚጐርሰውን እንጀራና የሚጠጣውን መድኃኒት እንዲጠራጠር ከተደረገ፥ መድኃኒቱ ግማሽ ኃይሉን አጣ ማለት ነው። የሃርቫርዱ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1942 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጻፈው ጽሑፍ፥ ተረግሜአለሁ ብሎ ያመነ ሰው በፍርሃት ብቻ እስከ ሞት ሊደርስ እንደሚችል፥ ምክንያቱም የነርቭ ሥርዐቱ ያለ ዕረፍት በመነሣሣቱ እንደ ሆነ አስረዳ። ሌላው አሜሪካዊ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢጣሊያ ውስጥ ብርቱ ቍስል የቈሰሉ ብዙ ወታደሮች የሕመም ማስታገሻ አንፈልግም ሲሉ አየ። ለወታደሩ ቍስሉ ከሞት አምልጦ ወደ አገሩ መመለሻው ስለ ሆነ፥ በሰላም አገር ተመሳሳይ ቍስል እንዳለበት ሰው አልተሠቃየም። በ1955 ያው ሐኪም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል፥ ፕላሲቦ የሚሉት፥ የብዙ ሰዎችን ሕመም እንደሚያስታግስ ጻፈ። ነገር ግን ወጣት አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ፤ እምነት ሥቃይን ያቀላል፥ እንቅልፍ ይሰጣል፥ መድኃኒትን በጊዜው ለመውሰድ ያበረታል፤ በአንጎል ውስጥ የረጋ ደም ግን አያቀልጥም።

ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ አጣዬ ሲያቀና ሰንበቴ ትገኛለች። በእሑድ ገበያዋ አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲያ ባለው የወሎ ምድር ሰው ሲታመም ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡናው ይፈላል፥ ጫቱ ይቀርባል፥ ሽማግሎች ዱዓ ያደርጋሉ፤ ወደጃ ይሉታል። ወደጃው ሐኪም ቤትን ይተካል ብለን አንመክርም። ግን ሕመምተኛው ብቻውን አይደለም፤ ሕመሙም ምሥጢር አይደለም። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይህን ለማንም ገበሬ የማይነፈግ ነገር አጡ። ሕመማቸው የመንግሥት ምሥጢር ስለ ሆነ በሩ ተዘጋ፤ ሹማምንቱም ዛሬ እንዴት ዋሉ ከማለት ይልቅ ነገ ማን ይነግሣል እያሉ ያንሾካሹኩ ነበር።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ብርቱው ሕመም መጣ፤ አካላቸው ሰነፈ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ በመንግሥት ሥራ መግባታቸውን ያልወደዱ መኳንንት በመጋቢት ወር ከሥልጣን አገለሏቸውና ባለቤታቸውን ማስታመም ብቻ እንዲቀርላቸው ፈረዱ። ፈራጆቹ እንደ ቅጣት ያሰቡት ይህ ለሕመምተኛው የተረፈው ትልቁ መድኃኒት ሳይሆን አልቀረም ብለን እናምናለን፤ የማይናገሩት ንጉሥ ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቈይተዋልና። ተሰማ እንኳ በ1903 ዓ.ም. ቀድመዋቸው ሞቱ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸውም እንደ ሕመማቸው ተሸሸገ፤ ዐዋጅ አልተነገረም፥ ሙሾ አልወጣም፥ አስከሬኑም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በምሥጢር ተቀመጠ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተላኩና በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ንግሥት ዘውዲቱ በኋላ የአባታቸውን መቃብር በታእካ ነገሥት በዓታ አሠርተው ዐፅሙን አስገቡ፤ የእቴጌይቱም ዐፅም ከዚያው ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፏል።