ጎንደር የቀረው ሠዓሊ

ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1737 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቦሎኛ በምትባለው የኢጣልያ ከተማ ተወለደ። የተማረው የሕንፃ ሥዕል ነበረ። በ1765 የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በሰሜን አፍሪካ ያሉትን የጥንት ፍርስራሾች እንዲሥልለት ቀጠረው፤ ከዚያም ጌታውን ተከትሎ በምጽዋ በኩል በ1770 ጎንደር ገባ።

ዓምድና ቅስት መሣል የለመደው እጅ በአገራችን ወደ ዕፅዋት ዞረ። ኮሶን፥ እንሰትን፥ ዋጊኖስንና ሌሎችንም፥ ቅጠሉን ከነጅማቱ፥ አበባውንና ፍሬውን ለየብቻ አድርጎ ሣለ። በላፍቶ ጓሮ እንሰት ያየ ተማሪ ሥዕሉን ቢያገኝ ስሙን ሳያነብ ያውቀዋል።

በኖቬምበር 1770 ሁለቱ ግሽ ዓባይ ደረሱ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ፤ ዕድሜው 33 ዓመት ያህል ነበረ።

ብሩስ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ሥዕሎቹ በመዳብ ተቀርጸው ወጡ፤ ነገር ግን የራሱ እጅ ሥራ አስመሰላቸው። ይባስ ብሎ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት የሞተ አድርጎ ጻፈ። የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ አየ የመባሉን ክብር ሊካፈል አልወደደም ይመስለኛል፤ ምንጩንስ ጳኤዝ የተባለው ካህን በ1618 አይቶት ነበረ!

በ1991 ሦስት ሊቃውንት ሥዕሎቹን መርምረው በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ አወጡለት። የእጁ ሥራዎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ዋጊኖስ ግን በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ እስከ አሁን የሚጠራው ብሩሲያ ተብሎ ነው።