ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እና የነርቭ ስፌት ክር

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በሥራ ላይ ሳለ የእጅ አንጓው በስለት የተቆረጠ ሠራተኛ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ፣ የተበጠሰው ነርቭ በየትኛው ክር ይሰፋ የሚለው ጥያቄ የጣቶቹን ዕጣ ይነካል። የዚህ ጥያቄ ታሪክ በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ከሆኑት ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወርቅነህ በ1864 ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ያለ ወላጅ ተገኝተው በመኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1882 ከተመረቁ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩ።

ስኮትላንድ ለክር ታሪክ ተራ ቦታ አይደለችም። ሕፃኑ ወርቅነህ ከመቅደላ በተወሰዱበት ዘመን ጆሴፍ ሊስተር በግላስጎ በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ሐርንና ከበግ አንጀት የሚሠራውን ካትጋት በእንስሳት የደም ሥር ላይ ይመረምር ነበር። ሐር ይጸናል፣ ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ካትጋት ይሟሟል፣ ሲሟሟ ግን ዙሪያውን ያስቆጣል። ለደም ሥር ይህ ይታለፍ ይሆናል። በነርቭ ላይ ግን ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚያድገውን የነርቭ ዘለላ መንገድ ይዘጋበታል። በ1873 ካርል ሁተር ስፌቱ በነርቩ ውጫዊ ሽፋን ላይ ብቻ እንዲያርፍ የሚያደርገውን ዘዴ ገለጸ፤ ዘዴው ተሻሻለ እንጂ የክሩ ችግር አልተፈታም።

ወርቅነህ በበርማ በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ፣ የዐድዋ ድል ዜና ቀስቅሷቸው በ1899 ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። አማርኛን ረስተው ነበር። አያታቸው የለዩአቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳን በነርቭ ጠላትነቱ ብቻ ለሚያውቅ የቀዶ ሕክምና ተማሪ ይህን ማስታወስ አይከፋም። ቆይተውም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በ1937 በፋሺስቶች ተገደሉ።

በ1940 ያንግና ሜዳዋር ነርቭን በረጋ የደም ፕላዝማ በማጣበቅ ያለ ክር ለመጠገን ሞከሩ። ወርቅነህ በ1952 አረፉ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ከፀጉር በቀጠነ ናይለን ነርቭ መስፋት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ፣ በ1960ዎቹ ነው። ናይለን ነጠላ ዘለላ በመሆኑ ሕዋሳትን እምብዛም አያስቆጣም። ዛሬ ከእርሱ ጋር የሚነጻጸሩት በውኃ ተሰባብረው የሚጠፉት ሰው ሠራሽ ክሮችና የፋይብሪን ሙጫ ናቸው። በእኔ አመለካከት ንጽጽሩ የታማሚውን መዘግየት ካላካተተ ለሰበታው ሠራተኛ ብዙም አይፈይድም፦ ነርቩ ቆይቶ ጫፎቹ ከተሸበሸቡና ከተራራቁ፣ በውጥረት ከመስፋት ይልቅ ከሌላ ስፍራ ነርቭ ወስዶ መሸጋገሪያ ማድረግ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ የክሩ ዓይነት ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል።